ኤቢኤስ ብቻ፣ ኤቢኤስ ከኢቢዲ ጋር፣ ወይስ ኢኤስሲ ያለው? ያገለገለ መኪና ለሚገዙ የፍሬን ንጽጽር

የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «ኤቢኤስ፣ ኢቢዲ፣ ቢኤ፣ ኢኤስሲ፣ ፉል ኦፕሽን» የሚል ረድፍ ታያላችሁ። ሻጩን «ኢቢዲው ምንድነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ «ያው ፍሬኑ አሪፍ ነው ማለት ነው» ይሆናል። አይደለም። ሥራቸው ይለያያል። ባጭሩ፣ ኤቢኤስ ጎማ ተነክሶ መዞሩን እንዳያቆም ይከላከላል፣ ኢቢዲ የፍሬኑን ጉልበት በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያካፍላል፣ ቢኤ በድንገት ስትረግጡ ግፊቱን ይጨምርላችኋል፣ ኢኤስሲ ደግሞ መኪናው ከመስመሩ ሲንሸራተት ይመልሰዋል። አንዱ ያለው መኪና ሌላው ላይኖረው ይችላል። የሚያስፈልጋችሁን ሳታውቁ የተጠየቃችሁትን ከከፈላችሁ ደግሞ ለማትጠቀሙበት ነገር ትከፍላላችሁ፣ ወይም የሚያስፈልጋችሁ ነገር የሌለውን መኪና ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

የትኛው ብራንድ ይሻላል የሚለውን እዚህ አታገኙም። መመዘኛውን እናስቀምጥና አማራጮቹን አንድ በአንድ እናያለን።

በምን እንመዝናቸው?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት ሜትር ያቆማል?» ነው። እኔ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። የማቆሚያ ርቀትን በዋናነት የሚወስኑት ጎማው፣ መንገዱና ፍጥነታችሁ ናቸው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በ29 ኪሎ ሜትር ያህል እየቀነሰ ቢቆም 31 ሜትር ገደማ ይፈጃል። መንገዱ ረጥቦ ቅነሳው ወደ 18 ቢወርድ ርቀቱ 49 ሜትር ይደርሳል። እግራችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ ከወሰደ ደግሞ 22 ሜትር ጨምሩበት። ይህን ሒሳብ የሚያሻሽለው ከኮምፒውተሩ በፊት ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ነው።

ስለዚህ የኔ መመዘኛዎች እነዚህ ናቸው፦

- ፍሬን በኃይል ረግጣችሁ ሳለ መሪው ይታዘዛችኋል ወይ?
- የመኪናው ኋላ መስመሩን ይዞ ይከተላል ወይስ ዞሮ ሊቀድማችሁ ይሞክራል?
- አንድ ቀን ባዶ፣ አንድ ቀን ሙሉ ጭነት ሲሆን ፍሬኑ ራሱን ያስተካክላል ወይ?
- ፍሬን ሳትይዙ መኪናው ኩርባ ላይ ቢንሸራተትስ?
- ሲበላሽ ምን ይቀራችኋል? ጥገናውስ ምን ያህል ያስቸግራል?

ጎማ ቀጥ ሲል ምን ይሆናል?

ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ጎማ መንገዱን አጥብቆ የሚይዘው ፍሬን ተይዞም ገና እየተሽከረከረ ሳለ ነው። በአብዛኛው መንገድ ላይ መያዝ የሚበረታው ጎማው ከመኪናው ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ዘግይቶ ሲዞር ነው። ከዚያ አልፎ ፍሬኑ ነክሶት መዞሩን ሙሉ በሙሉ ካቆመ (ጎማው ቀጥ አለ የምንለው ይህን ነው) መንሸራተት ብቻ ይቀረዋል። የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ አቅጣጫ አያውቅም። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብታጠመዝዙት መኪናው በጀመረው መስመር ይቀጥላል።

የፊት ጎማዎች ቀድመው ቀጥ ካሉ መኪናው ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ መሪ የላችሁም ማለት ነው። የኋላዎቹ ቀድመው ቀጥ ካሉ ግን የባሰ ነገር ይመጣል። ኋላው ወደ ጎን መውጣት ይጀምራል፣ በሴኮንድ ውስጥም መኪናው በራሱ ዙሪያ ይዞራል። ጎበዝ ሾፌርም ቢሆን ይህን ለመመለስ ጊዜ አያገኝም።

ኋላው ለምን ይቀድማል? ክብደት ስለሚሸሽ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ውሰዱ። ቆሞ ሳለ 900 ኪሎው ፊት ላይ፣ 600 ኪሎው ኋላ ላይ አርፏል እንበል። ደረቅ አስፋልት ላይ በኃይል ፍሬን ሲያዝ፣ በተለመደ ቁመትና ርዝመት ያለ መኪና ከሆነ፣ 240 ኪሎ ገደማ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ይዞራል። አፍንጫው ዝቅ ሲል የምታዩት እሱን ነው። አሁን ኋላ የቀረው 360 ኪሎ ብቻ ነው፤ ለ600 ኪሎ የተመጠነ የፍሬን ጉልበት ከደረሰው ወዲያው ቀጥ ይላል። በአንጻሩ ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሰው፣ ሻንጣ ቤት ውስጥ ጆንያ ካለ ኋላው ብዙ ጉልበት መቀበል ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ ትንሽ መስጠት ፍሬኑን ማባከን ነው።

እንግዲህ ችግሩ ሁለት ነው፦ ጎማው ቀጥ እንዳይል መከላከል፣ እና ጉልበቱን በፊትና በኋላ መካከል እንደ ክብደቱ ማካፈል። የመጀመሪያው የኤቢኤስ ሥራ ነው፣ ሁለተኛው የኢቢዲ።

አማራጭ 1፦ ምንም የሌለው

አሮጌ መኪኖች ናቸው። ፊትና ኋላ የሚካፈሉት በአንድ ሜካኒካል ቫልቭ ነው። ፋብሪካው ኋላው ቀድሞ እንዳይነክስ ብሎ ለኋላ ጎማዎች አሳንሶ ይመድባል። ቀላል ነው፣ ለመጠገንም አያስቸግርም። ግን በድንጋጤ ሲረገጥ ጎማው ቀጥ ይላል፣ መሪም ያመልጣል። ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ ማድረግ የሚባለው ዘዴ ለእነዚህ መኪኖች ነው። የሚሠራውም እጅግ ለተረጋጋ ሾፌር ነው።

ፒካፕና ሚኒባስ ላይ የሚገኝ ሌላ ዓይነት ቫልቭ አለ። ከኋላ አክሰል ጋር በዘንግ ተያይዟል፤ ጭነት ሲበዛ አካሉ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ብዙ ጉልበት ይለቃል። ብልህ ሥራ ነው። ችግሩ ባሌስትራ የተጨመረበት ወይም ከፍ እንዲል የተደረገ መኪና ላይ ይመጣል። መኪናው ተጭኖም ዝቅ ስለማይል ቫልቩ «ባዶ ነን» ብሎ ያስባል። ለኋላው ትንሽ ይሰጣል፣ ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። ባሌስትራ የተጨመረበት ፒካፕ የምትገዙ ከሆነ ከስሩ ገብታችሁ ይህ ዘንግ መኖሩን፣ መንቀሳቀሱንና እንደገና መስተካከሉን እዩ። ዝጎ የደረቀ ወይም በሽቦ የታሰረ ዘንግም ያጋጥማል።

አማራጭ 2፦ የኋላ ጎማ ብቻ ኤቢኤስ

የድሮ ፒካፖች ላይ በተለይ ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እንደ ጎርጎሮሳውያን) ጀምሮ የመጣ ነው። ማስታወቂያው «ኤቢኤስ አለው» ይላል፣ ውሸትም አይደለም። ባዶ ፒካፕ ኋላው ቀላል ስለሆነ መዞር ይወዳል፤ ይህ ሲስተም እሱን ይከላከላል። የፊት ጎማዎች ግን ቀጥ ማለት ይችላሉ፣ ስለዚህ መሪው ዋስትና የለውም። ከምንም ይሻላል፣ ከሙሉ ኤቢኤስ ጋር ግን አንድ አይደለም። የፊት ጎማዎቹ ዘንድ የሴንሰር ሽቦ ካላያችሁ መጠርጠር ነው።

አማራጭ 3፦ ባለ አራት ጎማ ኤቢኤስ፣ ኢቢዲ የሌለው

ዛሬ የምናውቀው ኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስ በተከታታይ ምርት የወጣው በ1978 ነው፣ ቦሽ ሠርቶት መርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ። አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ ያው ነው። በየጎማው ጥርስ ያለው ወይም ማግኔታዊ ቀለበት አለ፣ አጠገቡ ሴንሰር። ኮምፒውተሩ የአንዱ ጎማ ፍጥነት ከሌሎቹ በድንገት ወርዶ ሲያይ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የዘይት ግፊት ይይዛል፣ ይቀንሳል፣ እንደገና ይለቃል። ይህን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። እግራችሁ ስር ፔዳሉ ሲርገበገብና ግርር የሚል ድምፅ ሲሰማ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ «ፍሬኑ ተበላሸ» ብሎ እግሩን ያነሳል። አታንሱ! አጥብቃችሁ ረግጣችሁ፣ ዓይናችሁን ማምለጫው ላይ አድርጋችሁ መሪውን አዙሩ። ለዚህ ነው የተሠራው።

የማይችለውንም እንወቅ። ልቅ ጠጠር ላይ ኤቢኤስ የማቆሚያ ርቀቱን ሊያስረዝም ይችላል፤ ቀጥ ያለ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ገፍቶ ይከምራል፣ ክምሩም ያግደዋል፣ የሚዞር ጎማ ግን ያን ክምር አይሠራም። መሪው ግን ይታዘዛል። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ለኤቢኤስ ያደላል።

የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት (ኤንኤችቲኤስኤ) በ2009 ያወጣው ግምገማ ብዙዎችን አስገርሟል። ኤቢኤስ በሞት በተጠናቀቁ አደጋዎች ላይ በጥቅሉ ያመጣው ለውጥ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ሞት ያላስከተሉ ግጭቶችን ግን በአነስተኛ መኪና 6 በመቶ፣ በፒካፕና መሰል መኪኖች 8 በመቶ ቀንሷል። ጥሩ ነው፣ ግን ማስታወቂያው እንደሚያስመስለው አዳኝ መልአክ አይደለም።

እዚህ አማራጭ ላይ የፊትና የኋላ ድልድሉ አሁንም በዚያው በሜካኒካል ቫልቭ ነው። ኤቢኤስ የሚገባው ጎማው ቀጥ ሊል ሲል ነው፣ ከዚያ በፊት ያለውን መደበኛ ፍሬን አይነካም።

አማራጭ 4፦ ኤቢኤስ ከኢቢዲ ጋር

ኢቢዲ አዲስ ዕቃ አይደለም። በዚያው የኤቢኤስ ሴንሰርና ቫልቭ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ለዚህ ነው ለብቻው የማይገኘው፤ ኤቢኤስ የሌለው «ኢቢዲ ያለው» መኪና የሚሸጥላችሁ ካለ ተሳስቷል ወይም ሊያሳስታችሁ ነው።

ልዩነቱ ቀድሞ መግባቱ ነው። መካከለኛ ፍሬን ስትይዙ እንኳ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ትንሽ መዘግየት ሲጀምሩ ያያል፣ ለኋላው የሚሄደውን ግፊት እዚያው ላይ ያቆመዋል። ኋላው ከባድ ከሆነ መዘግየቱ አይታይም፣ ስለዚህ ግፊቱ መጨመሩን ይቀጥላል። ባዶም ሆነ ሙሉ ጭነት፣ ሲስተሙ ኪሎ አይመዝንም፤ የጎማዎቹን ፍጥነት አይቶ ነው የሚፈርደው። ባሌስትራ ጨመራችሁ አልጨመራችሁ አይታለልም። የኋላው ፍሬን በደንብ ስለሚሠራም የፊት ሸራ ያለ ልክ አይበላም።

ኩርባ ላይ ፍሬን ስትይዙ በውስጥ በኩል ያሉት ጎማዎች ይቀላሉ። አንዳንድ መኪና ላይ ኢቢዲው ግራና ቀኙንም ለይቶ ያከፋፍላል፣ አንዳንዱ ላይ ፊትና ኋላ ብቻ።

ቢኤ ወይም ብሬክ አሲስት አብሮ ይመጣል። ፔዳሉ በድንገት መረገጡን አይቶ ግፊቱን እስከ መጨረሻው ይወስደዋል፤ ብዙ ሰው በድንጋጤ ፈጥኖ ይረግጣል እንጂ አጥብቆ አይረግጥምና። ለብቻው ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩበት፣ ካለ ግን እሰየው።

ማስታወቂያው «ኢቢዲ» ባይልም አትደናገጡ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ኤቢኤስ ያላቸው መኪኖች ውስጥ አለ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል።

አማራጭ 5፦ ኢኤስሲ ያለው

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ የሚሠሩት ፍሬን ስትይዙ ነው። ኢኤስሲ ባትይዙም ይሠራል። መሪው ወዴት እንደዞረ፣ መኪናው በእርግጥ ወዴት እየዞረ እንደሆነና ወደ ጎን ምን ያህል እየተገፋ እንደሆነ በሴንሰር ያውቃል። መሪው ያመለከተውና መኪናው በእርግጥ የሚዞርበት ካልተገናኙ ራሱ አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። አራት ጎማዎችን ለየብቻ ፍሬን ማስያዝ ከሾፌር አቅም በላይ ነው፣ እናንተ ያላችሁ አንድ ፔዳል ብቻ ነው።

ስሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ቶዮታ ቪኤስሲ፣ ኒሳንና ሱባሩ ቪዲሲ፣ ሆንዳ ቪኤስኤ፣ ቢኤምደብሊውና ማዝዳ ዲኤስሲ፣ መርሴዲስና ቮልስዋገን ኢኤስፒ ይሉታል። ሁሉም አንድ ነገር ነው፣ የኤቢኤስና የኢቢዲ ሥራም ውስጡ አለ።

እውነተኛው ለውጥ ያለው እዚህ ነው። የአሜሪካው የመድን ድርጅቶች የመንገድ ደህንነት ተቋም (አይአይኤችኤስ) ጥናት ኢኤስሲ በአንድ መኪና ብቻ የሚደርሱ ገዳይ አደጋዎችን፣ ማለትም ከመንገድ መውጣትና መገልበጥ ዓይነቱን፣ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ1997 የመርሴዲስ ኤ ክላስ ስዊድን ውስጥ በድንገተኛ መታጠፍ ሙከራ ሲገለበጥ ፋብሪካው መፍትሔ ካደረጋቸው ነገሮች ዋናው ይህንኑ ሲስተም በሁሉም ኤ ክላስ ላይ መግጠም ነበር። በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለአዲስ መኪና ግዴታ ሆኗል። ልብ በሉ፦ ያው ሞዴል ለሌላ ገበያ ሲሠራ ኢኤስሲ ላይኖረው ይችላል። ዓመተ ምርቱን ብቻ አይታችሁ አትደምድሙ።

ጉዳቱ ጥገናው ነው። ሴንሰሩ ይበዛል። የመሪ አቅጣጫ ሴንሰሩ አላይመንት ከተሠራ በኋላ በኮምፒውተር መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል፣ ያለበለዚያ መብራቱ ይበራል፣ ሲስተሙም ይጠፋል። አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ ስትያዙ ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ስለሚቆርጥ በማጥፊያው ቁልፍ ማጥፋት ይሻላል። ስትወጡ መልሱት።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ፍሬን ላይ መሪ | የኋላ መረጋጋት | ጭነት ሲለዋወጥ | ፍሬን ሳይያዝ ለሚመጣ መንሸራተት መከላከያ | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| ምንም የሌለው | ይጠፋል | በሾፌሩ እጅ | ቋሚ ወይም በዘንግ | የለም | ቀላል |
| የኋላ ብቻ ኤቢኤስ | ሊጠፋ ይችላል | ጥሩ | መጠነኛ | የለም | መለዋወጫ ሊያስቸግር ይችላል |
| ኤቢኤስ ብቻ | ይታዘዛል | ጥሩ | መጠነኛ | የለም | መካከለኛ |
| ኤቢኤስ ከኢቢዲ | ይታዘዛል | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የለም | መካከለኛ |
| ኢኤስሲ | ይታዘዛል | ከሁሉም የተሻለ | በጣም ጥሩ | ይከላከላል | ውድና ሴንሰር የበዛበት |

ለማን የትኛው?

*ረጅም መንገድ በፍጥነት የምትነዱ* ከሆነ፣ በተለይ ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና ከሆነ፣ ኢኤስሲ ላይ አትደራደሩ። የቆዳ ወንበርና ትልቅ ስክሪን ትታችሁ እሱን ውሰዱ። ከፍ ያለ መኪና ሲንሸራተት መገልበጥ ይቀናዋል።

*ጭነት የምታመላልሱ፣ ሰው ሞልታችሁ የምትሄዱና ባዶ የምትመለሱ* ከሆነ ከዝርዝሩ ዝቅተኛው መስፈርታችሁ ኢቢዲ ይሁን። ባዶ መልስ ላይ ዝናብ ከጣለ የምታመሰግኑት እሱን ነው።

*ከተማ ውስጥ ብቻ፣ በዝግታ* ለምትነዱ ባለ አራት ጎማ ኤቢኤስ ይበቃል። ከዚያ የተረፈውን ገንዘብ ጎማ ላይ አውሉት።

*አቅማችሁ ኤቢኤስ ከሌለው መኪና አያልፍም?* ችግር የለም፣ ከፊታችሁ ካለው መኪና ርቀት ጠብቃችሁ ንዱ። ጥሩ ጎማ፣ ትክክለኛ የጎማ ንፋስ፣ አራቱም ጋ እኩል የሚይዝ ፍሬን ይኑራችሁ። መብራቱ እየበራ ኢኤስሲው ከሞተ መኪና በደንብ የተያዘ ተራ መኪና ይሻላል።

*ሞተር ሳይክል* ለምትገዙ፦ ሲቢኤስ የሚባለው የፊትና የኋላ ፍሬንን ያገናኛል እንጂ ጎማ ቀጥ እንዳይል አይከላከልም። ሞተር ላይ የፊት ጎማ ቀጥ አለ ማለት ወደቃችሁ ማለት ነው። አይአይኤችኤስ ኤቢኤስ ባላቸው ሞተሮች ላይ የሞት አደጋ መጠን 22 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። አቅም ካለ ኤቢኤስ ያለውን።

ከመክፈላችሁ በፊት

ቁልፉን አዙሩና ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ሲስተሙ አይሠራም። ጨርሶ ካልበራ የባሰ ነው፤ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ከሌላ መብራት ጋር ተያይዞ ሊሆን ይችላል። ኢኤስሲ ካለ ከኋላው የተጠማዘዘ መስመር ያለው የመኪና ምስልም አብሮ ይበራል። ኢቢዲ ብዙ ጊዜ የራሱ መብራት የለውም።

ቢጫው ብቻ ከበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፣ ኤቢኤስ ግን የለም፤ ኢቢዲው በብዙ መኪኖች ላይ በቀሩት ሴንሰሮች ሊቀጥል ይችላል። ቢጫውና ቀዩ የፍሬን መብራት አንድ ላይ ከበሩ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን፣ ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱን እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ኢቢዲውም ቆሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ቀጥ ሊሉ ስለሚችሉ በዝግታ ወደ ጋራዥ ሂዱ።

ከዚያ ከኋላችሁ ሰውም መኪናም የሌለበት ሰፊ ቦታ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍሬኑን በአንዴ ርገጡ። ፔዳሉ ካልተርገበገበና ጎማው ከጮኸ ሲስተሙ የለም ወይም ሞቷል።

መብራቱ የበራ መኪና ሁሉ ግን መጥፎ ግዢ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ትንሽ ነው፦ ጭቃ የያዘው ሴንሰር፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ በዝገት የተሰነጠቀ ቀለበት፣ ወይም ማግኔታዊ ቀለበቱ ያለበት ኩሽኔታ ተገልብጦ መገጠሙ። የቫልቩ ሞጁል ራሱ ከሄደ ግን ወጪው ሌላ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ስካነር፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ ነው። ርካሹ ስካነር አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ኮድ ብቻ ስለሚያነብ «ምንም የለበትም» ይላችኋል፤ የኤቢኤስ ኮድ የሚያነብ ያለው መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮዱን ካያችሁ በኋላም ስለ ዋጋ ተነጋገሩ።